ደቅ ላይ ያለችው የመስክ ቤት ለክረምት፦ ውሃው እስከየት ይመጣል?

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 6

ጤና ይስጥልኝ። ደቅ ደሴት ላይ ለዓሣና ለውሃ ጥናት የምንገለገልባት ሁለት ክፍል ቤት አለች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ በሯ ወደ ሐይቁ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ስድስት ሆነን እዚያ እንከርማለን። ሰው ሁሉ ከዝናብ ሲሸሽ እኛ በክረምት የምንገባው የጣና ነጭ ዓሣ ዕንቁላል የሚጥለው ያኔ ስለሆነ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ላቢዮባርበስ የሚባለውን ወገን ነው፤ ከዚህ ወገን ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለ፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ግማሽ ያህሉ ወንዞቹ ሲሞሉ ግልገል ዓባይን፣ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ያልታየ ዓሣ እስከ ከርሞ አይታይም።

ዘንድሮ ቤቷን የማሰናዳቱ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኛል። የሚያሳስበኝ ዕቃ ቤቱ ነው። አምና በነሐሴ መጨረሻ አንድ ሌሊት ንፋስ ሲያናውጠን አደረ። ጠዋት የዕቃ ቤቱን በር ስከፍት ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር። የናሙና ጠርሙስ የያዘው ካርቶን ጄነሬተሩ ሥር ተኝቷል። ሳነሳው ሥሩ ተዘረገፈ። ጠርሙሶቹ አልተሰበሩም፤ ግን የተለጠፈባቸው ወረቀት ረጥቦ ተላጧል፣ የቀረውም ቀለሙ ፈሷል። የትኛው ጠርሙስ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ መለየት አልቻልንም። የአንድ ወር ተኩል ልፋት እዚያ ላይ ቀረ። ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ዘንድሮ አዲስ ዕቃ ቤት መሥራት አለብኝ። ያሰብኩበት ቦታ አሁን ካለው የውሃ ጠርዝ 15 እርምጃ ይርቃል። ደረቅ ነው፣ ሣር በቅሎበታል፣ ከብት ይግጥበታል። መጸዳጃ ቤቱንም ከዚያው ጎን ልቆፍር ነው። የጣሪያው ሚስማር መላላቱን፣ የሶላሩ ባትሪ መድከሙን፣ ሞተሩ ሰርቪስ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ እሱን ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን 15 እርምጃ ይበቃል ወይ? ጣናን የምታውቁ ንገሩኝ።

ባሕረኛው · ግንቦት 6

ልጄ፣ አይበቃም። ለነገሩ እርምጃ ራሱ መለኪያ አይሆንህም።

ጣና በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ትንሽ የሚያልፍበት ዓመትም አለ። ዝቅ የሚለው በሰኔ መግቢያ ነው፣ ጫፍ የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። አንተ አሁን የቆምክበት ዳር የዓመቱ ዝቅተኛ ዳር ነው ማለት ነው። ከውሃው 15 እርምጃ ራቅሁ የምትለው ቦታ መሬቱ ጋደም ያለ ከሆነ መስከረም ላይ ሐይቁ ውስጥ ነው። በ20 ሜትር 1 ሜትር የሚነሳ ዳገት ላይ ብትሆን እንኳ ውሃው 30 ሜትር ያህል ወደ አንተ ይመጣል። ሣር መብቀሉ አያታልልህ። ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ተከትሎ ይወርዳል፣ ከብቱም ሣሩን ተከትሎ ይወርዳል።

ከፍታ ለካ እንጂ ርቀት አትለካ። በዚያ ላይ የማዕበሉን ጨምርበት። አንተ ያየኸው የነሐሴው ሌሊት የውሃ ሙላት ብቻ አይደለም፤ ንፋሱ ውሃውን ገፍቶ ወደ እናንተ ዳር ከምሮት ነው። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይናወጣል።

ስለ ሞተሩ ነገ እጽፍልሃለሁ። አሁን ወደብ ላይ ነኝ።

ደንገል · ግንቦት 7

እኔ የደቅ ልጅ ነኝ፤ አሁን ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ጋሽ ባሕረኛው ያሉት ትክክል ነው።

ወንድሜ፣ መረብ የሚያደርቁበትን ጥቁር ድንጋይ ታውቀዋለህ? ከቤታችሁ ወደ ታች ስትወርድ በስተግራ ያለውን። ድንጋዩ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ። አባቴ ታንኳውን ለማድረቅ ወደ ላይ ሲጎትት ከዚያ መስመር በታች አቁሞት አያውቅም ነበር። ታንኳ እኮ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወጥቶ ካልደረቀ የተሠራበት ደንገል ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ባለ ታንኳ ሁሉ የውሃው ጫፍ የት እንደሆነ ሳይለካ ያውቃል። ከመስመሩ ወደ ውስጥ ስትገባ ደግሞ የሾላ ዛፍ አለ። ሥሩ ሥር ያረጀ ደንገልና ጭራሮ ተጠርጎ የተከመረበትን ታያለህ። ያ ማዕበል የጣለው ነው። ውሃው የሚቆመው ድንጋዩ ላይ፣ ማዕበሉ የሚደርሰው ሾላው ሥር ነው። ቤትህን ከሾላው በላይ ሥራ።

አሁን ያላችሁ ዕቃ ቤት የቆመበትን ቦታ ሲመርጡ የሰፈሩን ሰው የጠየቀ አልነበረም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ዘንድሮ እንዳይደገም ነው።

ሌላም አለ። ሐምሌ 7 ሥላሴ ነው። ናርጋ ሥላሴ ከየአቅጣጫው ሰው በጀልባ ይጎርፋል። ያን ቀንና ዋዜማውን መረብ ለመጣል አታስቡ፤ ረዳትም ጀልባም አታገኙም፣ ብታገኙም አያምርባችሁም። እሑድና የማርያም 21፣ የሚካኤል 12 እንዲሁ። የሥራ መርሐ ግብራችሁን ከመጻፋችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ብታማክሯቸው ግማሹ ችግራችሁ ይቀላል።

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 7

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንጋዩን አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ተቀምጬበታለሁ፣ መስመሩን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ጋሽ ባሕረኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሐይቁ መውጫው ላይ ጨረጨራ ያለው በር ከተሠራ ወዲህ፣ የበለስም የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ፣ የድሮ ምልክት ይታመናል?

ባሕረኛው · ግንቦት 8

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨረጨራ የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ መጠን የሚወሰነው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሚለቀቀውም ነው። በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሐይቁ ከልኩ በላይ ወርዶ ትልቁ ጀልባ መሥራት አቁሞ ነበር። ወደቡ ላይ ቆሜ ድሮ ውሃ የነበረበትን ጭቃ በእግሬ የረገጥኩት ያን ዓመት ነው። ዝቅ ማለቱ እንግዲህ ሊለያይ ይችላል። ከፍ የሚልበትን ግን የድሮው ምልክት ይሻልሃል፤ የባሰውን ዓመት ይዞልሃልና። ሰው አንድ ዓመት አይቶ ይረሳል፣ ድንጋይ አይረሳም።

አሁን ሞተሩ። ሁለት ምት ከሆነና መመሪያው 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በዓይን አትገምት፤ የዘይት ማፍሰሻህ ላይ ምልክት አድርግበት። ካንዴላ ሁለት ትርፍ ያዝ፣ የፕሮፔለሩን ፒን ሦስት፣ የውሃ ፓምፑን ጎማ አንድ። በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሁሉ ደሴት ላይ ይጠፋል፤ በገመድ እሰረው። በክረምት ጀሪካን ግማሽ ሆኖ ካደረ ውስጡ ያልበዋል፣ ቤንዚን ውስጥ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ሞልተህ አስቀምጥ፣ ስትቀዳ በነጠላ ጨርቅ አጥልል፣ የመጨረሻውን አንድ ጣት አትገልብጥ። እምቦጭ ያለበት ካለፍክ ሞተሩን አንስተህ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበትን ቀዳዳ ጥረግ። ከኋላው ውሃ መትፋቱን ካቆመ ወዲያው አጥፋ፤ «እስከ ዳር ይድረስልኝ» አትበል።

ደግሞ ከረፋዱ በኋላ ሐይቁ የእናንተ አይደለም። በጠዋት 12 ሰዓት ወጥታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ግቡ። ከሰዓት ንፋስና መብረቅ ይመጣል። ላይፍ ጃኬት ለስድስቱም፣ ለባለ ሞተሩም ጭምር። ዋና አውቃለሁ የሚለውን ሰው ነው ብዙ ጊዜ ያጣነው።

ወለላ · ግንቦት 9

እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ሁለት ክረምት ደሴት ላይ ከርሜያለሁ። ስለ ውሃ መለኪያ መሣሪያ ልናገር፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ክረምቴ በዚህ ነው የተበላሸው።

የኦክስጅን መለኪያችን በየጠዋቱ ልክ ይደረጋል፤ ልክ ስናደርገው የአየር ግፊት ይጠይቀናል። መሣሪያው ሲመጣ ውስጡ የነበረው 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የባሕር ጠለል ግፊት ማለት ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ግፊቱ ወደ 615 ይጠጋል። እኔ ቁጥሩን ሳልቀይር ቆየሁ። ውሃው 22 ዲግሪ ሆኖ መሣሪያው በሊትር 8.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲያሳየኝ ደስ አለኝ፤ ጣና ጤነኛ ነው ብዬ። በዚያ ሙቀት በዚያ ከፍታ ውሃ ከአየር ወስዶ የሚይዘው ግን 7 አካባቢ ነው። ችግሩን ያወቅኩት አንድ ቀን በዊንክለር ዘዴ፣ ማለትም ኦክስጅኑን በኬሚካል በእጄ ለክቼ ሳነጻጽር ነው። ቁጥሩን መልሶ ማረም ይቻል ነበር። ግን አንዳንድ ቀን ጓደኛዬ ትክክለኛውን ግፊት አስገብቶ ነበር፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ማናችንም ደብተር ላይ አልጻፍንም። ስድስት ሳምንት መረጃ ተሠረዘ። አልቅሻለሁ።

ስለዚህ፦ ግፊቱን በየጠዋቱ ደብተር ላይ ጻፉ። ከስልክ የአየር ትንበያ አትውሰዱ፤ እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተሰላ ስለሆነ ጣና ላይ ቁመህ 1015 ሄክቶፓስካል ይልሃል፤ እውነተኛው 820 አካባቢ ነው። ሌላ መንገድ ከሌለ ከፍታውን አስገቡ።

ጠርሙስ ላይ ወረቀት ስለመለጠፍ ደግሞ፦ መለጠፉ ይቅር። እርሳስ ውሃ አይፈራም። በእርሳስ የተጻፈ ወፍራም ወረቀት ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፣ ክዳኑ ላይ ተመሳሳዩ ቁጥር ይጻፍ፣ ደብተሩ ላይ ሦስተኛው። እስክሪብቶ በአልኮል ይሟሟል፤ ቋሚ የሚባለው ማርከርም ይሟሟል።

ፎርማሊንና አልኮል ለየብቻ ይቀመጡ። ለቅርጽ ጥናት የሚቀመጥ ዓሣ በፎርማሊን ይሁን፤ ለዘረመል የሚቆረጠው ክንፍ ግን ፎርማሊን ከነካው አከተመለት፣ በንጹሕ አልኮል ብቻ። ከሱቅ የሚመጣው ፎርማሊን 37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ነው። 10 በመቶ ፎርማሊን የምንለው ከዚያ አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ ነው። አዲስ ተማሪ ይህን ያምታታል፤ ግድግዳው ላይ ጻፉለት። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም አይደር።

ቆሮሶ_ከጎርጎራ · ግንቦት 9

እየተከታተልኩ ነው። የመረቡን ጉዳይ ግን ማንም አላነሳም። የስንት ስንት ዓይን ነው የምትጥሉት? የትስ ነው?

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 10

ወለላ፣ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። የእኛም መሣሪያ ከፍቼ አየሁት፤ 760 ነው የሚለው። አምና ማን ምን እንዳደረገ ደብተሩን እያገላበጥኩ ነው።

ቆሮሶ፣ የምንጥለው 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ሳንቲ ሜትር የተዘረጋ ዓይን ነው፤ ሌሊቱን ያድራል። አብዛኛው ክፍት ውሃ ላይ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ግን ግልገል ዓባይ አፍ ላይ ሁለት ጣቢያ አለን።

ቆሮሶ_ከጎርጎራ · ግንቦት 10

እንግዲያው በግልጽ ልናገር፤ በክፋት አትዩብኝ።

እኔ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነኝ። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አትጣሉ ተብለናል፤ ትክክልም ነው። ዓሣው ዕንቁላል ተሸክሞ ተሰብስቦ ሲጠብቅ አንድ መረብ አንድ ትውልድ ይይዛል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ቀነሰ ተብሎ የተጻፈው እኮ በዚሁ በወንዝ አፍ መረብ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ? እናንተ ደግሞ በዚያው ወር በዚያው ቦታ ላይ ሌሊቱን መረብ ታሳድራላችሁ። አባቴ ይህን አይቶ ምን ይላል? «ለእነሱ የተፈቀደ ለእኔ ለምን?» ይላል። መልስ የለኝም።

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 10

መልስ እኔም ዛሬ የለኝም። ከቡድኑ ጋር ተነጋግሬ እመለሳለሁ። እውነትህን ነው ግን፤ ይህ ጥያቄ ከዕቃ ቤቱ በፊት መነሳት ነበረበት።

ሲስተር_የሐይቁ · ግንቦት 12

ጤና ይስጥልኝ፤ ሐይቁ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። «መጸዳጃ ቤቱን ከዚያው ጎን» የሚለውን ሳይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ዕቃ ቤቱን ወደ ላይ ማውጣትህን እሰየው እላለሁ፤ መጸዳጃው ግን ከዕቃ ቤቱም ይበልጥ መራቅ አለበት። ግንቦት ላይ ስትቆፍር ጉድጓዱ ደረቅ ነው። ሐይቁ አንድ ሜትር ተኩል ሲነሳ ግን ከመሬት በታች ያለው ውሃም አብሮ ይነሳል። የጉድጓድህ ወለል ከመስከረሙ ውሃ በታች ከሆነ ጉድጓዱና ሐይቁ ተገናኙ ማለት ነው። ያንኑ ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ጎረቤትም ይቀዳል። ስለዚህ የምትለካው አፉን ሳይሆን ወለሉን ነው። ድንጋይ አስቸግሮህ ጥልቅ ካልሆነ ደግሞ ከፍ አድርገህ በድንጋይ ገንባው፣ ደረጃ ይኑረው።

ቢልሃርዚያ ጣና ዳር አለ፤ ይህን ሳይደብቁ ለተማሪዎቹ መንገር ያስፈልጋል። የሚገባው በቆዳ በኩል ነው፤ ቀንድ አውጣ ካለበት ሣራማ ጥልቀት አልባ ዳር። ቀንድ አውጣው ብዙውን ትል የሚለቀው ፀሐይ ሲጠነክር፣ ከረፋዱ እስከ ቀትር ነው። መረብ ስትጎትቱና ጀልባ ስትገፉ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ ልበሱ፤ ተንበርክኮ ዳር ላይ ዕቃ ማጠብ ይቅር። ለመታጠቢያ የሚሆን ውሃ በክዳን ባለው በርሜል ሁለት ቀን ከቆየ፣ ቀንድ አውጣም ካልገባበት፣ ከቢልሃርዚያ በኩል አያሰጋም። ለመጠጥ ግን ይፈላ። ወይም መጀመሪያ ይዝቀጥና በጨርቅ ይጣራ፣ ከዚያ ውሃ አጋር ይጨመርበት፤ የደፈረሰ ውሃ ላይ መድኃኒቱ አቅም ያጣል። ከመስክ ስትመለሱ ሁላችሁም ሰገራ ተመርመሩ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

አጎበር ለእያንዳንዱ ሰው። ወባው የሚብሰው ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም ላይ፣ ልትወጡ ስትሉ ነው። ባሕር ዳር ገብቶ በሳምንቱ የሚያተኩሰው ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ ሐኪሙ ከደሴት እንደመጣ ካልተነገረው ጉንፋን ብሎ ይሸኘዋል።

ወለላ · ግንቦት 12

ሲስተር፣ የመጨረሻው እኔ ላይ ደርሷል።

ሽቦ_ቀጣይ · ግንቦት 13

ስለ ሶላሩ ባጭሩ። ክረምት ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይወጣ ይችላል። ባለ አሲድ ባትሪ ከሆነ ሳይነካ አድሮ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ ከዚያ በታች እያወረድክ ብትሠራበት በሁለት ክረምት ይሞታል። አሁን ግንቦት ላይ ፀሐይ እያለ በዲስትልድ ዎተር ሙላው፣ ሙሉ ቻርጅ አድርገው፣ ለሁለት ቀን ከምንም ሳታገናኝ ተወውና ለካው። ቮልቱ ከወረደ ባሕር ዳር እያለህ ቀይረው። ደሴት ላይ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ፍሪጅ ለማቆም ግን አትሞክር። መቀዝቀዝ ያለበትን በበረዶ ሣጥን በየሳምንቱ ላክ።

ፓኔሉን የያዘውን ብሎንም እየው። አምና የአንድ ሰው ፓኔል በንፋስ ተነቅሎ ሲሄድ አይቻለሁ፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ሚስማር ፓኔል አይይዝም።

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 24

አሥር ቀን ደሴቱ ላይ ነበርኩ፤ ኢንተርኔት ስለሌለ ጠፋሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከባሕር ዳር 25 ሜትር ባለ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ገዝቼ ሄድኩ፤ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ዓይነት። ደንገል የነገረኝ ድንጋይ ጋ ስደርስ መስመሩ እንዳለው አለ። ቱቦውን ውሃ ሞልተን አንዱን ጫፍ መስመሩ ላይ አንድ ልጅ ያዘ፣ ሌላውን እኔ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ቱቦው ውስጥ አየር ስለነበረ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ የተለያየ መጣብን። አንድ ሽማግሌ መጥተው ቱቦውን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው አረፋውን በጥፍራቸው እየነዱ አስወጡት፤ ከዚያ ልክ ሆነ። በየደረስንበት ችካል እየተከልን፣ ከችካል ችካል እየተሸጋገርን ሄድን።

እኔ «ደረቅ ነው፣ ሣር አለበት» ያልኩት ቦታ ከድንጋዩ መስመር 40 ሳንቲ ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ። የአምናው ዕቃ ቤት ወለል ደግሞ ከመስመሩ በላይ 10 ሳንቲ ብቻ። ማለትም ውሃው ተረጋግቶ ሲቆም አይደርስበትም፤ ማዕበል ሲጨመርበት ግን ያ ሌሊት ነው። ሾላው ሥር ያለው የጭራሮ ክምር ከመስመሩ 70 ሳንቲ ከፍ ይላል። አዲሱን ዕቃ ቤት ከዚያም በላይ፣ ከሾላው ጀርባ አቆምነው፤ ወለሉን በድንጋይ ሁለት እርከን አነሳነው። ከጀልባው ዕቃ ለመሸከም ይርቃል፣ ተማሪዎቹ ያማርራሉ። ይሁን።

መጸዳጃው ከቤቱ ጀርባ ዳገቱ ላይ ወጥቷል። ሲስተር እንዳሉት ወለሉን በቱቦው ለካነው፤ ከመስመሩ በላይ ሆኖ እንዲቀር ከ1 ሜትር በላይ መቆፈር አልቻልንም፣ የቀረውን ወደ ላይ ገነባነው።

አሁን የቆሮሶ ጥያቄ። ቡድኑ ሁለት ቀን ተከራከረበት። አንዳንዶች «ያለ ናሙና ዓሣው መቀነሱን እንዴት እናውቃለን?» አሉ፤ ይህም እውነት ነው፤ ያ 75 በመቶ የተባለው ራሱ በመረብ ተቆጥሮ የተገኘ ነው። የተስማማንበት ይህ ነው። ወንዝ አፍ ላይ ሌሊት የሚያድር መረብ አይኖርም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይጣላል፣ በየ30 ደቂቃው ይታያል፤ ዕንቁላል የያዘች ዓሣ ተለክታ፣ ክንፏ ጥቂት ተቆርጦ ትለቀቃለች። የምንጥልበት ቀን አስቀድሞ ለአስጋሪዎቹ ማኅበር ይነገራል፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው በየቀኑ ጀልባው ላይ አብሮን ይሆናል፣ አበልም ይከፈለዋል። የተያዘውን ቁጥር እሱም በራሱ ደብተር ይጽፋል። ቆሮሶ፣ ይህ ለአባትህ በቂ መልስ ነው ብዬ አልልህም። ካለህ የተሻለ ንገረኝ።

ቆሮሶ_ከጎርጎራ · ግንቦት 25

ለአባቴ አነበብኩለት። ሁለት ሰዓት መሆኑን ወደደው። «የሚለቀቀው ዓሣ የመረቡ ዓይን ጉንጩን ከያዘው አይተርፍም፤ መቁረጥ ነው እንጂ መጎተት አይሆንም» ብሏል። ማለትም ዓሣውን ከመረቡ በኃይል አታውጡ፣ ክሩን በምላጭ ቁረጡና ልቀቁ። መረብ ይጠገናል። እጃችሁም ርጥብ ይሁን፤ በደረቅ እጅ ከያዛችሁት ቅርፊቱ ላይ ያለው ልጋግ ይነሳል።

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 25

ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስድስት ምላጭ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። አባትህ ከፈቀዱ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን አብረውን ቢወጡ ደስታችን ነው።

ባሕረኛው · ግንቦት 25

ከሾላው ጀርባ መሥራትህ ጥሩ ነው። ጀልባውንስ የት ልታስር ነው? ዛሬ ያሰርክበት ችካል መስከረም ላይ ውሃ ውስጥ ነው፤ ገመዱ አጭር ከሆነ ውሃው ሲነሳ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ታች ይስበዋል። ሁለት ችካል ትከል፤ አንዱ ለሰኔ፣ አንዱ ለመስከረም። በየሳምንቱ ገመዱን ፈታ አድርገው።

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 26

ይህን አላሰብኩትም ነበር ጋሼ። ዛሬውኑ ለልጆቹ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።

ድንጋዩ ላይ በቀይ ቀለም በየ10 ሳንቲው ምልክት አድርገናል። በየጠዋቱ 1 ሰዓት ውሃው የት እንደደረሰ አንድ ሰው ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ከአየር ግፊቱ ጎን። ወለላ ስለ ደብተሩ ያለችው ከአእምሮዬ አልወጣም።

ደንገል · ግንቦት 27

ቱቦውን ያስተካከሉት ሽማግሌ አጎቴ ናቸው፤ ትናንት ደውለው ነገሩኝ። የእህል ጎተራቸውን ከፍ አድርገው እንደገና ሊሠሩ ነው፤ ቱቦውን ለሁለት ቀን ቢያውሷቸው ጠይቅልኝ ብለዋል።

መረብ_ጠጋኝ · ግንቦት 27

ቱቦው ዕቃ ቤቱ ውስጥ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ቁልፉ ጎረቤት ያሉት እትዬ ጋ ነው። ይውሰዱት። እኔ በሚቀጥለው ጀልባ እመለሳለሁ፣ ጎተራውን አብረን እንለካለን።